ዘብ ያንኳኳውን ያውቃል

ሐምሌ 14 ቀን 2010፣ ቅዳሜ

ኤቢ ከአዲስ አበባ ደወለ። በዳይስና በትረካ የምንጫወተውን የጠረጴዛ ጨዋታችንን ሊያሳትምልን የተስማማው እሱ ስለሆነ ሲናገር አፌን ዘግቼ እሰማዋለሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እሰድበዋለሁ። «ሽመክት፣ ሌሎቹ የተጫዋች መደቦች ቆንጆ ናቸው፤ ዘቡ ግን የሞተ ነው። ቆሞ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይሞታል። ማን ይመርጠዋል? እንደ አዲስ ሥራው» አለኝ። እስከ መስከረም መጨረሻ ካልደረሰለት ሕትመቱ ለከርሞ ነው።

ማን ይመርጠዋል? ረዲ ይመርጠዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም።

«የጨው ከተማ»ን የምንጫወተው በየቅዳሜው እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። አራት ነን። ታሪኩን የምተርከውም፣ ሕጉን የምጽፈውም እኔ ነኝ። ጉሃድ ገጣሚ ነው፤ በጨዋታው ግጥም ገጥሞ ሰው ይገድላል፣ በሥራው ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ይሸጣል። ናዝሬት አዳኝ ናት፤ ባንክ ቤት የምትውለው ለቅዳሜ ስትል ብቻ ይመስለኛል። ረዲ ዘብ ነው። ከወራቤ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር መጥቶ እዚሁ ጅግጅጋ አድጎ የጫማ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። በጨዋታው ጭራቆቹን የሚወክሉት የባቢሌ ለውዞች ናቸው፤ የገደለ ይበላቸዋል።

ረዲ የቆርቆሮ በራችንን የሚያንኳኳበት የራሱ መንገድ አለው። ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። እማዬ ከማድ ቤት ሳትወጣ «ረዲ ነው፣ ክፈትለት» ትላለች። የዘብን የመጀመሪያ ችሎታ ያገኘሁት ከዚያ ነው፦ «በር ሲንኳኳ ዘብ ያንኳኳውን ሰው ዳይስ ሳይጥል ያውቃል።» እሱን አልነካም። የቀረውን እለውጣለሁ።

ሐምሌ 18፣ ረቡዕ፣ ቢሮ

መዝገብ ቤት ከሰዓት በኋላ ማንም አይፈልገኝም። ፋይል ከፍቼ ከሥሩ ስለ ዘብ እጽፋለሁ።

ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ዕቃህን ከሱቅ አውጣ እያሉ ነው።»

«የት ልወስደው?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ አውጣ ነው የሚሉት።»

ሶማሌ ያልሆነውን ሁሉ ሊያባርሩ ነው የሚል ወሬ ነው። እዚህ ከተማ ወሬ ከውኃ በላይ ይገኛል። ለረዲ ልነግረው አስቤ ረሳሁት።

ሐምሌ 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ረዲን ገደልኩት። በጨዋታው ማለቴ ነው።

ሠላሳ ሽፍታ፣ ማለትም ሠላሳ ለውዝ፣ የከተማውን በር ከበቡ። ጉሃድና ናዝሬት ውጪ ቀርተዋል። በሩ ተንኳኳ። ረዲ ማን እንደሆኑ ዐወቀ፣ ከፈተ፣ አስገባቸው፣ መልሶ ለመዝጋት ግን አልደረሰም። በአምስት ለውዝ ሞተ። አሟሟቱን አሳምሬ ተረክሁት፤ ሆዱን ቀደድኩ፣ አንጀቱን መዝጊያው ላይ አንጠለጠልኩ፣ መጥረቢያው ሲያርፍበት በአፌ «ጧ!» አልኩ። እንዲህ ያለውን መተረክ እወዳለሁ። ናዝሬት «አንተ በሽተኛ ነህ» ትለኛለች፣ እየሳቀች።

«ባትከፍት ኖሮ ትተርፍ ነበር» አልኩት ረዲን።

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እነሱ ናቸዋ ያንኳኩት» አለኝ፤ የማይገባኝ ሰው አስመስሎኝ። ከዚያ የገደሉትን አምስት ለውዞች ሰብስቦ በላቸው። ሕጉ አይፈቅድም፣ ግን ዝም አልኩት።

ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ

ረፋድ ላይ። ኔትወርክ የለም። መሃል ከተማ ጭስ አለ፣ ብዙ ቦታ። የካራማራ ተራራ አይታይም።

መስታወት ሲወርድ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ቤተ ክርስቲያን እየነደደ ነው አሉ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በአጥር ላይ እየተጠራሩ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው የሚሉት።

በሩን በብረት ቀረቀርኩት። ከውስጥ አልጋ አስደገፍኩ።

መንገዱን ሞልተው መጡ። ዱላ፣ ፌሮ፣ ድንጋይ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ፣ ከዚያ ማየት ተውኩ።

በሩ ተደበደበ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ የሁሉም በር ይደበደባል። እማዬ እግሬን ይዛ አትክፈት ትላለች። ምን ላድርግ?

ሰው ሲመታ ጧ አይልም።

ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ጎበጠ። ሰውየው መጮኹን አቆመ።

ሴት ጮኸች፣ በሶማልኛ። «ዋ ዊልካይጋ! ልጄ ነው! ልጄ ነው!» ኤዶ ማርዎ ናት፣ የጉሃድ እናት። ቤታቸው ከኛ ፊት ለፊት ነው። እሷንም መቷት።

ሄዱ።

ከበሩ ሥር ደም እየገባ ነው። አልጋውን አላነሳሁም።

ሐምሌ 29፣ እሑድ

ጉሃድ መጣ። ልብሱ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ረዲ ነው» አለኝ። «ትናንት በራችሁ ላይ የደበደቡት ረዲ ነው። ሱቁን ሲያቃጥሉት ሮጦ ወደናንተ መጣ። ቀኝ እጁን ቆርቆሮው ላይ አስደግፈው በፌሮ ቀጠቀጡት። ሦስት ጣት የለውም። ግራ ዓይኑም የሚድን አይመስለኝም። እናቴ ሄዳ ላዩ ላይ ባትወድቅበት ኖሮ ይገድሉት ነበር።»

ወንበር ሳብኩለት።

«እናንተ የት ነበራችሁ?» አለኝ።

«ካምፑ» አልኩት። «ከጠዋት ጀምሮ ወታደሮቹ ካምፕ ነበርን። ዛሬ ነው የተመለስነው።»

እማዬ ከኋላዬ ቆማለች። አየችኝ። ከዚያ ገብታ ውኃ አመጣችለት።

«እጅህ ምን ሆነ?» አለኝ ጉሃድ። መዳፌን በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

«ቆርቆሮ ቆረጠኝ።»

«ለማንኛውም እንኳን አልነበራችሁ» አለና አቀፈኝ። እያለቀሰ ነበር። እኔ አላለቀስኩም።

ነሐሴ 5፣ ቅዳሜ

ማንም አልመጣም። ለውዙን ዘርግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ረዲን በወታደር መኪና ሐረር አድርሰውታል። ዓይኑን አወጡት።

ኤዶ ማርዎ ትከሻዋ ተሰብሮ ታስሯል። እማዬ በየቀኑ እየሄደች ልብሷን ታጥብላታለች። ከኔ ጋር ስትሆን አትናገርም። ምሳ ታቀርብልኛለች፣ ተመልሳ ማድ ቤት ትገባለች። ከዚህ በፊት ሁለታችን በአንድ ትሪ የማንበላበት ጊዜ አልነበረም።

ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

በሩን አጠብኩ። በሳሙና አልለቀቀም። በጋዝ ሞከርኩ። የጎበጠው ቦታ ላይ፣ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ አራት መስመር አለ፤ ጣቶች ወደ ታች የተጎተቱበት።

ከቀለም መደብር አረንጓዴ ቀለም ገዝቼ ሙሉ በሙሉ ቀባሁት። ድሮ ሰማያዊ ነበር።

«ለምን ቀባኸው?» አለችኝ እማዬ። ከሳምንት በላይ ሆኗት ያናገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው።

«ዝጎ ነበር።»

«አልዛገም» አለች።

ነሐሴ 16፣ ረቡዕ

ትናንት አረፋ ነበር። ናዝሬት ምግብ ይዛ ሐረር ሄዳ ረዲን ጠይቃ መጣች። አብሬያት እንድሄድ ለምናኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኛል አልኳት። መዝገብ ቤት! ሥራ! ግማሹ ባለጉዳይ ከተማውን ለቆ ሄዷል።

«ስላንተ ጠየቀኝ» አለችኝ። «ሽመክት ደህና ነው ወይ? እናቱስ ደህና ናቸው? አለ። በተለይ ስለ እናትህ ደጋግሞ ጠየቀ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ዘቡን ጨረሰው ወይ አለ። በጭንቅላቱ ፋሻ፣ በእጁ ፋሻ፣ እሱ ስለ ዘብ ይጠይቃል! ሳቅኩ፣ ከዚያ ወጥቼ አለቀስኩ።»

እጨርሰዋለሁ። ለሱ ስል እጨርሰዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ዘብ በዓለም ላይ እንዳልታየ አድርጌ።

ነሐሴ 20፣ እሑድ

አዲሱ ዘብ ይኸው። ሌት ተቀን ስሠራው ሰንብቻለሁ።

ቁጣ፦ ለተቀበለው ለእያንዳንዱ ቁስል አንድ የጥቃት ዳይስ ይጨመርለታል።

ቆረጣ፦ ስድስት ከጣለ የጠላቱን እጅ ይወስዳል። ሁለት ስድስት ከጣለ ጭንቅላቱን።

የሬሳ አጥር፦ በሩ ፊት አምስት ከገደለ ሬሳቸው ግንብ ይሆናል፤ ማንም አያልፍም።

ምሕረት የለም፦ አንዴ መምታት ከጀመረ የቆመ ሰው እስካለ ድረስ አያቆምም። ወዳጅም ቢሆን።

ስጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። እያንዳንዱን ፊት እያሰብኩ ነው የጻፍኩት፤ በቀዳዳው ያየኋቸውን። ያንን ፌሮ የያዘውን ቢጫ ቲሸርት የለበሰውን ልጅ ሃምሳ ጊዜ ገድየዋለሁ፤ በወረቀት ላይ።

የመጀመሪያውን ችሎታ አወጣሁት። «ያንኳኳውን ያውቃል» የሚለውን። ጨዋታውን ያበላሻል። ዘቡ ሁልጊዜ የሚያውቅ ከሆነ ድንገተኛ ነገር አይኖርም፣ ተራኪው ምን ይሠራል? ኤቢም ዘቡ መለወጥ አለበት ብሏል። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ነሐሴ 26፣ ቅዳሜ

መጻፍ ያስጠላኛል፤ ግን ልጻፈው።

አዲሱን ዘብ ለመሞከር ጉሃድና ናዝሬት መጡ። ረዲ ስለሌለ ናዝሬት ዘቡን ያዘች። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከተማው ውስጥ ሰው አልቀረም። ሽፍቶቹ አለቁ፣ ከዚያ ነጋዴዎቹ፣ ከዚያ ምሕረት የለም የሚለው ሕግ ስላላቆመ የጉሃድ ገጣሚ። ጭንቅላቱን ወሰድኩት። ለውዙ አለቀ። ናዝሬት ዳይሱን አስቀመጠችና «እኔ ይኼን አልፈልገውም» አለች።

«ጠንካራ ነው» አልኩ። «ኤቢ የጠየቀው ይኼንን ነው።»

ጉሃድ ወረቀቱን አንስቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይኼ ዘብ አይደለም፣ ሽመክት። እነዚህን ሰዎች ዐውቃቸዋለሁ። ያን ቀን መንገድ ላይ ነበሩ።»

«ታውቃቸዋለህ!» አልኩ። «ታውቃቸዋለህ እንጂ! የናንተው ልጆች አይደሉ?»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። እሱ ግን አልተቆጣም፣ ያ ነው ያሳበደኝ። ቀስ ብሎ «የመጀመሪያው ችሎታስ? የረዲ? ለምን አወጣኸው?» አለኝ።

አፉን መታሁት። በቡጢ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ወደቀ። ላዩ ላይ ወጣሁበትና ደግሜ መታሁት፣ ሠለስኩ፤ ስንቴ እንደሆነ አላውቅም። ናዝሬት ፀጉሬን ይዛ ነው ያወረደችኝ። ጥርሱ እጄ ላይ ተሰብሯል። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ፣ ከሐርጌሳ ያመጣልን፣ ደሙ ውስጥ ወድቆ ነበር።

ጉሃድ ደሙን ተፍቶ ተነሣ። «እናቴ አሁንም ቀኝ እጇን ወደ ላይ አታነሣም» አለኝ። «ለረዲ ነው ያደረገችው። ያንተ በር ላይ።» ከዚያ ወጣ።

እማዬ ማድ ቤት በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። «የመታኸው ልጅ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

ጳጉሜን 2፣ ዓርብ

የማይረባ ሰው ነኝ። የማይረባ። የማይረባ።

እማዬ ዛሬ ተናገረች። ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ነጠላዋን ሳታወልቅ ሳሎን መሃል ቆመች።

«ዋሽተሃል፣ እኔንም አስዋሽተኸኛል» አለች። «ከማርዎ ጋር ፊት ለፊት እየተቀመጥኩ ካምፕ ነበርን እላለሁ። ልብሷን እያጠብኩ። ስንት ቀን ነው የምታስዋሸኝ?»

«እማዬ፣ ካወቁ ረዲ...»

«ረዲ ምን? ምን ይሁን? ዓይኑን ነው መልሰው የሚያወጡት?»

መስከረም 1 ቀን 2011፣ ማክሰኞ

ጉሃድ ቤት ሄድኩ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ። እሱ ሥራ ነው። ኤዶ ማርዎ፣ ኤዶ የምንላት አክስታችን ባትሆንም እንደ አክስት ስላሳደገችን ነው፣ በግራ እጇ ሻሂ ቀዳችልኝ። ጥርሱን ማን እንደሰበረው ታውቃለች። አላነሳችውም።

«በር የናንተ ጠንካራ ነው» አለችኝ በዚያች በምትሰባብራት አማርኛዋ። «እንደዚያ መቱት፣ አልተከፈተም። ውስጥ ሰው የለም፣ ጥሩ ነው። ሰው ቢኖር፣ ይሰማ ነበር። ሰው ያንን ሰምቶ እንዴት ይተኛል?»

ሻሂውን አልጨረስኩም። እንኳን አደረሳችሁ እንኳ አላልኩም።

መስከረም 8፣ ማክሰኞ

የጎበጠውን በር ላቃና ብዬ መዶሻ ይዤ ከውስጥ በኩል መታሁት። አልቃና አለ። ሁለተኛው ምት አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ጥፍሩ ተገለበጠ። እጄን ማንሣት ነበረብኝ፤ አላነሣሁም። ቆርቆሮው ላይ ዘርግቼ ደግሜ መታሁት። ከዚያ ሌላውን ጣት። ሦስተኛው ላይ አቃተኝ። እሱ ሦስቱንም ነው ያጣው።

ለናዝሬት መሳቢያ ነው የያዘኝ አልኳት። ውሸት እየቀለለኝ መጥቷል።

መስከረም 12፣ ቅዳሜ

ረዲ ተመለሰ።

ጉሃድ ነው ይዞት የመጣው፣ ከበር ውጪ ቆሞ በስሜ ጠራኝ። የፊት ጥርሱ ስለሌለ ስሜ በፉጨት ወጣ። ተቃቀፍን። ጉሃድ ሲያቅፈኝ «አለፈ» አለኝ። ይኼ ሰው የተሠራው ከምንድን ነው?

ረዲ ከስቷል። በግራ ዓይኑ ላይ ነጭ ጨርቅ አለ። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። እማዬ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እንዲህ ስታለቅስ አባቴ ሲሞት እንኳ አላየኋትም። «ይበቃል፣ እማማ አስካለማርያም» ይላታል። «እርስዎ ምን አደረጉ? እርስዎ ምንም አላደረጉም።» እርስዎ የሚለውን ደጋግሞ ነው ያለው።

የዘቡን ወረቀት ጠየቀኝ። በአንድ ዓይኑ፣ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ አነበበው።

«የመጀመሪያው የት ሄደ?» አለኝ።

«ጨዋታውን ያበላሻል።»

«ሦስት ዓመት አላበላሸም።»

«ኤቢ ነው...»

«እሺ» አለ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ይኼኛውን ልሞክረው።»

መስከረም 19፣ ቅዳሜ

ሁሉንም በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጀመርን። ረዲ ዳይስ የሚጥለው በግራ እጁ ነው፤ እየሸሸው ከጠረጴዛ ይወድቃል፣ ናዝሬት ታነሣለታለች። ታሪኩ፦ የጨው ከተማ እየነደደ ነው፤ ዘቡ ከውስጥ በኩል በሩ ላይ ቆሟል። ለምን ይኼን ታሪክ መረጥኩ? ሌላ ታሪክ አልመጣልኝም።

«በሩ ተንኳኳ» አልኩ።

ረዲ «ማን ነው?» አለ።

«አታውቅም። አዲሱ ሕግ ነው።»

«እንዴት ነው የተንኳኳው?»

«ዝም ብሎ ተንኳኳ። ሁሉም ሰው እንደሚያንኳኳው።»

ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። እስከዛሬ አላየሁትም ነበር። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ናቸው የቀሩት፤ መሃሉ ገና ቀይ ነው። በዚያ እጁ ጠረጴዛውን መታ። ሁለት። አንድ። ሁለት። ለውዞቹ ዘለሉ።

«እንዲህ ነው?» አለኝ።

ማድ ቤት ውስጥ የሆነ ሳህን ወደቀ።

«እኔ ያን ቀን እንዲህ ነው ያንኳኳሁት» አለ ረዲ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እየሮጥኩም፣ ጭንቅላቴ እየደማም፣ እንዲህ ነው ያንኳኳሁት። እንድታውቁኝ። ከዚያ እናትህ ‹ረዲ ነው፣ ክፈትለት› ሲሉ ሰማሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚሉት። ዳንኩ አልኩ። ከዚያ ድምፃቸው መሃል ላይ ተቋረጠ።»

ጉሃድ ወደ እኔ ዞረ። «ካምፕ ነበርን አልከኝ» አለ። እንዲመታኝ ፈለግሁ፣ እንዲገድለኝ ፈለግሁ። ጡጫውን ጨብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ እዚያው ተወው።

«ለምን እስከዛሬ ዝም አልክ?» አለች ናዝሬት፣ ለረዲ ነው።

«እስኪነግረኝ ጠበቅሁ። ሆስፒታል ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ባለፈው ቅዳሜም ጠበቅሁ።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ቁጣህን ውሰደው። የሬሳ አጥርህንም ውሰደው። እኔ ሰው እንዲገደልልኝ አልጠየቅሁህም። የመጀመሪያውን መልስ። ዘብ ያውቃል። ካልከፈተም ዐውቆ ነው። ያንን ጻፍ።»

«እሺ» አልኩ።

«ካልከፈተ ምን እንደሚሆንም ጻፍ» አለ። ተነሣ፣ ማድ ቤት ገብቶ እማዬን ተሰናበታት፣ ሄደ።

መስከረም 20፣ እሑድ

ሐምሌ 28 ላይ የጻፍኩትን አነበብኩት። እዚህ ደብተር ላይ፣ ከኔ በቀር ማንም በማያነበው ደብተር ላይ፣ ዋሽቻለሁ። ለማን ነው የዋሸሁት?

እማዬ እግሬን አልያዘችም። አትክፈት አላለችም። በሩ ሲንኳኳ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለታችንም እኩል ሰማን። ማን እንደሆነ ለማወቅ ዳይስ አላስፈለገኝም። እሷ «ረዲ ነው፣ ክፈትለት» አለችና ወደ አልጋው ሮጠች፣ ልታነሣው። እኔ ከኋላዋ ያዝኳት። ልትጮኽ ስትል አፏን በመዳፌ አፈንኩት። ነከሰችኝ። ጥርሷ እስኪገባ ነከሰችኝ፣ አለቀቅኳትም። መሬት ላይ ጥያት፣ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ የወለደችኝን እናቴን፣ ጉልበቴን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ይዣት ቆየሁ። እሱ አንዴ በስሜ ጠራኝ። ከዚያ ደረሱበት። ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው ከኔ ክንድ በማይርቅ ቦታ ነበር፤ መሃላችን አንድ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ሲጎብጥ ትከሻዬን ነካኝ።

ፈርቼ ነበር። ሌላ ምንም የለም። ፈርቼ ነበር፣ ከፍርሃቴ የተነሣ ጓደኛዬን ሰጠሁት። መዳፌ ላይ ያለው የእናቴ ጥርስ ነው፣ ቆርቆሮ አይደለም።

መስከረም 27፣ እሑድ

ለኤቢ ላክሁለት። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ በአራተኛው ሄደ። የዘብ መደብ፣ የመጨረሻው፦

«በር ሲንኳኳ ዘብ ያንኳኳውን ሰው ዳይስ ሳይጥል ያውቃል። ላለመክፈት ይችላል። ካልከፈተ ግን ይህን ችሎታ ለዘለዓለም ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢያንኳኳ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ማን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት።»

የቀረውን እንደ ድሮው መለስኩት። ቆሞ ይጠብቃል።

ኤቢ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለ። «በቃ ይኼ ነው! እንዴት አመጣኸው? ዘቡን ሁሉም ሰው ይመርጠዋል አሁን፤ የሚያስፈራ ነገር አለዋ!» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። ከሠሪዎቹ ስም በላይ የረዲን እንዲያስቀድም ነገርኩት።

ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ለኤዶ ማርዎ ካምፕ እንዳልነበርን ነገርኳት። በእማዬ ፊት። ኤዶ ማርዎ እማዬን አየቻት። «እናትህን እንዴት አደረግሃት?» አለችኝ፤ ያንንም ነገርኳት። ሻሂ አልቀዳችልኝም። እማዬ ተመልሰን ስንመጣ ክንዴን ይዛ ነው መንገዱን የተሻገረችው፤ መኪና ስለነበረ ይሆናል።

ጥቅምት 3፣ ቅዳሜ

ማንም ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ጠረጴዛውን ግን አጸዳሁ፣ ለውዝ ዘረገፍኩ፤ ልማድ ነው። እማዬ ማድ ቤት ነበረች።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ በሩ ተንኳኳ። በመዳፍ ነው፣ ሦስት ጊዜ፣ እኩል እኩል። ቆጣሪ አንባቢው መሰለኝ። ጆሮዬን ጣልኩ፤ እማዬም ከማድ ቤት ምንም አላለችም።

«ማን ነው?» አልኩ።

«ረዲ ነኝ» አለ።